ኸልዋው ውስጥ የበቀለው አረንጓዴ

«አምፖሉን ካጠፋሽው ወንድምሽን እንደገደልሽው ነው የምቆጥረው!» አለኝ አባቴ፣ የዋሻውን የሳንቃ በር በጀርባው ደግፎ።

«አባ፣ ጽሑፉ እየተላጠ ነው እኮ!»

«ይላጣ! ጽሑፍ ከሰው ይበልጣል?»

ይህ የድሮ ክርክር ባለፈው ሳምንት ትዝ አለኝ። ሐይቅ ከተማ የተከራየሁት ቤት መታጠቢያ ክፍል፣ ቀን ከሌት በሚበራው አምፖል ዙሪያ ግድግዳው አረንጓዴ ለብሷል። አከራዬ «በበረኪና ፈትጊው» አለችኝ። እጄ እንቢ አለኝ።

ከውጫሌ በላይ ተራራው ወገብ ላይ አባቴ የሚጠብቀው ዋሻ አለ። ኸልዋ እንለዋለን፤ ድሮ አንድ ሼህ ከሰው ተለይተው ዱዓ ያደርጉበት ነበር። ግድግዳው ላይ በጥላሸት መንዙማ ጽፈዋል፤ ፊደሉ የዐረብ፣ ቋንቋው የኛው አማርኛ። አባቴ ኩራዝ እያስጠጋ ፊደሉን አንድ በአንድ አስቆጠረኝ። ግጥም የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት ከዚያ ድንጋይ ነው። አንድ ስንኝ ሲቀረኝ ወንድሜ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ሄደ፤ ትምህርቱም ቆመ።

አባቴ ነዝር ገባ፤ ልጁ በሰላም እስኪመለስ ለኸልዋው የሰጠው መብራት እንዳይጠፋ ተሳለ። ሶላሩ ዓለቱ ላይ ተተከለ፣ አምፖሉ ውስጥ ተሰቀለ፣ ጠባቂዋ እኔ ሆንሁ። ደሴ ሄጄ ልማር ያልሁት ቀረ። ጓደኞቼ በሚኒባስ ሲያልፉ ከላይ አያቸዋለሁ፤ እኔ የባትሪ አቧራ እጠርጋለሁ።

በክረምቱ አምፖሉ ፊት ያለው ድንጋይ አረንጓዴ ሆነ፤ የሚያዳልጥ፣ ዝናብ ያገኘው አፈር የሚሸት። ሰዎች «የሼሁ ከራማ ነው፣ ተአምር ነው!» እያሉ በጣታቸው ነክተው ግንባራቸውን ቀቡ። አባቴም ነዝሩ ለመያዙ ምልክት አደረገው። እኔ ግን አረንጓዴው ብርሃኑ ከደረሰበት እንደማያልፍ አየሁ። ያላነበብሁት ስንኝ ላይ ሲደርስ ደንግጬ በጥፍሬ ፋቅሁት። ከነቃሉ ተላጦ ጥፍሬ ውስጥ ገባ።

ውጫሌ ወርጄ የባዮሎጂ አስተማሪዬን ጠየቅሁት።

«በዓይን የማይለዩ ደቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ ቀለባቸው ብርሃን ነው» አለኝ። «የምትቀልቧቸው እናንተ ናችሁ። አትፋቂው፣ አጨልሚበት።»

አንዱን ጥግ በጥቁር ፌስታል ሸፈንሁት። ሁለት ወር ጠብቄ፣ ያን ቀን በክርክሩ መሐል አባቴ ፊት ገለጥሁት። ሥሩ አረንጓዴ የለም፤ የደረቀ ግራጫ ድንጋይ፣ ላዩ ላይ ሁለት የሼሁ ፊደላት። አባቴ ተጠግቶ አየው። ቀጥሎ ዓይኑ ጥፍሬ ወደ ላጠው ባዶ ቦታ ሄደ።

«ይኼንንስ ማን ነካው?»

«እኔ።»

«አስተግፊሩላህ» አለ፤ አልተቆጣኝም።

«አባ፣ አይጥፋ። እየበራ ደጅ ይሰቀል።»

ወንድሜ በኋላ በሰላም ተመልሶ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። የጎደለውን ቃል የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ አባቴም አያስታውሰውም። በየግጥሜ የሆነ ቦታ ላይ ያ ቃል የሚገባ ይመስለኛል፣ ሳነበው ግን አይደለም። መንዙማው ከነጉድለቱ አለ፤ እንዲኖር ግን በጨለማ መቀመጥ ስላለበት ማንም አያየውም። ያወጣነው መብራት እኔንም ከዋሻው ያወጣኝ መስሎኝ ነበር።

ያን የክርክሩ ቀን አባቴ አምፖሉን ከምስማሩ አላቆ፣ እንደበራ፣ በጋቢው ጫፍ ይዞ ወደ በሩ ሄደ።

«አትወጪም እንዴ?»

«ልቆይ ትንሽ።»

ወጣ። ሳንቃው ተዘጋ፤ ብርሃኑ ከበሩ ሥር አንድ ጣት ያህል ገብቶ ቆመ።