ብርድ አይገባም

ባለፈው ሳምንት ከዲላ ወደ ወናጎ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪዬ መስኮቱን ስባ ከፈተችው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። "ዝጊው እባክሽ፣ ብርድ እየገባ ነው" አልኳት። ዞር አለችና ሳቋ መጣ። "ቲቸር፣ ብርድ አይገባም ብለውን አልነበር እንዴ?" የፊዚክስ መምህርት ነኝ፤ ብያለሁ። ልመልስላት ስል ሐሳቤ ድሮ ወደማውቀው የቡሌ መንገድ ይዞኝ ሄደ።

ፊዚክስን እኔ አልመረጥኩትም። ከደሴ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ስመጣ የተመኘሁት ነርስነት ነበር፤ ምደባው ሲወጣ ግን ፊዚክስ ደረሰኝ። ልቀይር ብዬ ያላንኳኳሁት ቢሮ የለም። "ቦታ የለም" እየተባልኩ ሦስተኛ ዓመት ገባሁ፤ እዚያ ደግሞ ስታቲስቲካል ሜካኒክስ የሚባል ኮርስ ጠበቀኝ። መምህራችን "ብርድ የሚባል ነገር የለም" ይሉ ነበር። "ያለው ሙቀት ነው። ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፤ በራሱ ጊዜ አይመለስም።" ሸምድጄዋለሁ። ፈተና ላይ ግን "በር ሲከፈት ክፍሉ ለምን ይቀዘቅዛል?" ሲሉኝ "ብርድ ስለሚገባ" ብዬ ቁጭ! ጽሑፉ እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ሐሳቡ የእናቴ ቤት ነው። እኛ ቤት ብርድ ይገባል፣ ብርድ ይመታል፣ አጥንት ውስጥም ይቀመጣል። መምህሩ አጠገቡ በቀይ እስክሪብቶ "ከየት?" ብለው ጽፈውበት ወረቀቱ ተመለሰልኝ።

ወደቅሁ፤ ድጋሚ ፈተና ተፈቀደልኝ። ካለፍኩ ከማልወደው ትምህርት ጋር መኖር ነው። ከወደቅሁ ደግሞ ሻንጣዬን ይዤ፣ ጎረቤቱ ሁሉ "ምነው ተመለስሽ?" ወደሚልበት ሰፈር። መመለሱ ግን የባሰ ሆኖ ይታየኝ ነበር።

ከፈተናው በፊት ባለው ቅዳሜ የጓደኛዬ የአስቴር አያት አርፈው ለቅሶ ለመድረስ ከዲላ በላይ ወዳለችው ቡሌ ወጣን። በዚያ ደጋ ብርድ ትኩስ ቆጮ በጎመን ስበላ ፈተናውን ረስቼው ነበር። ሰኞ ጠዋት አስቴር ከቤተሰቧ ጋር ቀረች፤ እኔ ብቻዬን ተሳፈርኩ። ፈተናው ከሰዓት ነው። መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደ፤ የሚኒባሱ ጎማ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ሾፌሩና ረዳቱ የሚገፋ ሰው ሊፈልጉ ወርደው በሩን ከውጭ ዘጉት። የውስጥ እጀታው ከተነቀለ ቆይቷል፤ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። በጋቢና በኩል እንዳንወጣ የጎመን ጆንያ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል።

መስኮቶቹ ሁሉ ጥርቅም ብለዋል። የረጠበ ልብስ፣ የጸጉር ቅቤ፣ የጎመን ሽታ፤ መስታወቱ በትንፋሻችን ታፍኖ ውሃ ያንጠባጥባል። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ታፈንኩ። መስኮቱ አጠገብ አንዲት እናት ሕፃኗን ጋቢ ውስጥ አቅፋ ታጠባለች።

"እህቴ፣ ትንሽ ልክፈተው? በዚህ ወጥቼ በሩን እከፍትላችኋለሁ።"

"አትክፈት እህቴ! ሕፃን አለ። ብርድ ይገባል።" አማርኛን በኋላ የተማረችው ነው፤ "እህቴ" እያለች እንደ ወንድ ታዘኛለች።

"ብርድ አይገባም!" ብዬ ጮህኩ። "ብርድ የሚባል ነገር የለም! ሙቀቱ ነው የሚወጣው!"

ሕፃኗን አየች፤ እኔን አየች።

"ሙቀቱስ ለምን ይወጣል?"

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ "በለው!" አሉ። እኔም ሳቅሁ፤ መሃል ላይ ግን ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። "ፈተና አለብኝ" አልኩ። "ካልደረስኩ እባረራለሁ።"

"ለፈተና ነው እንዴ?" አለች ሴትየዋ። ወዲያው ሕፃኑን ሸፋፍና ለኋለኛው ሰው አቀበለች፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሽማግሌው ጉልበት ላይ ደረሰ። መስኮቱን የሳበችው ራሷ ናት። "ቶሎ ውጣ!"

ዘልዬ ጭቃው ላይ ወደቅሁ። ቀና ስል፣ የሁላችንም ትንፋሽ በዚያች መስኮት ነጭ ሆኖ እየወጣ ጭጋጉ ውስጥ ይጠፋል። ያኔ ገባኝ። እንዳይመለስ የከለከለው የለም። ውጭው ግን ሰፊ ነው፤ ትንፋሻችን የሚበተንበት መንገድ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ሁሉም ተሰብስቦ እንደገና ሚኒባስ ውስጥ የሚገኝበት መንገድ ግን ከዚያ ሁሉ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። መምህራችን ሰሌዳ ሙሉ ሲጽፉ የከረሙት ይኼንኑ ነበር። በሩን ልከፍትላቸው ስጠጋ ከውስጥ "ተው! አትክፈት! ብርድ ይገባል!" ብለው ጮኹብኝ። መስኮቱ ተዘጋ። አንድ እጅ መስታወቱን ጠርጎ ተሰናበተኝ።

ሲያልፍ ባገኘሁት ሞተር ሳይክል፣ ጭቃ እንደለበስኩ፣ ፈተናው ተጀምሮ ደረስኩ። አለፍኩ። አልፌም እዚሁ ተያዝኩ። ተመረቅሁ፣ ወናጎ ተመደብኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ወደ ደሴ እንዳልመለስ ማንም አልከለከለኝም። በየዓመቱ "ለከርሞ" እላለሁ። ትምህርቱን አሁን እወደዋለሁ፤ ሆኖም ክፍል ውስጥ ቆሜ አንዳንዴ ያ የሚኒባሱ መታፈን ይመጣብኛል።

"ቲቸር?" ተማሪዬ እየጠበቀችኝ ነው። በተከፈተው መስኮት ቡናውና እንሰቱ ዝናብ አጥቧቸው ያልፋሉ።

"ልክ ነሽ፣ ብርድ አይገባም" አልኳት። "ሙቀቱስ ለምን ይወጣል?"

እየሳቀች ዘጋችው። ብዙም ሳይቆይ መስታወቱ በትንፋሻችን ደበዘዘ። በመዳፌ ጠርጌ ወደ ውጭ አየሁ።