ሁለት ጣት ለመተንፈሻ

ሰፈሩ «ዶክተር ሱሪ» ይለዋል። ሱሪ መስፋቱ እውነት ነው፤ ዶክተርነቱን ግን የሰጠው የለም፣ ራሱ ነው የወሰደው። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛውን፣ ቆዳው የተገፈፈ የሰው እግር የተሳለበት ትልቅ ወረቀት ከመስተዋቱ ጎን ለጥፎ፣ ሊለካ የመጣውን ሁሉ ቁጭ ብድግ ያሰኘዋል።

«የስልክህን ሆድ ዕቃ ሳይቀር ታውቃለህ፣ የገዛ ባትህን ግን አታውቀውም! ይኸውልህ፣ ላዩ ላይ ባለ ሁለት ራሱ ጡንቻ፣ ከሥሩ ጠፍጣፋው። ሁለቱ ወደ ታች አንድ ጅማት ሆነው ተረከዝህን ይይዙታል። እነሱ ባይኖሩ በእግር ጣትህ መቆም አትችልም!»

ደንበኛው የጠየቀው ሱሪው መቼ እንደሚደርስ ብቻ ነበር።

አንዱን ጡንቻ ሲያነሳማ ደረቱ ይነፋል። ከዳሌ ተነስቶ ጭንን በሰያፍ አቋርጦ ከጉልበት በታች በውስጥ በኩል የሚያርፈውን፣ በሰውነት ውስጥ ረጅሙን ጡንቻ፣ ሐኪሞች በልብስ ሰፊ ስም ይጠሩታል፤ የጥንት ሰፊዎች እግራቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ ይሠራ የነበረው እሱ ነው ይባላል። ዶክተር ሱሪ ግን ዕድሜውን የፈጀው በርጩማ ላይ ነው፤ እግሩን አጣጥፎ መሬት ቢቀመጥ የሚያነሳው ሰው ያስፈልገዋል። ቢሆንም ክብሩን ለማንም አያጋራም።

ታላቅ እህቱ አስተማሪ ናት። ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ከርሞ ጀሶው ሲፈታ፣ ግራ ባቷ መንምኖ የሌላ ሰው እግር መስሎ ወጣ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል፤ የአንደኛ ክፍል ልጆቿ የሚማሩት ፎቅ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ ቁርጡን ነግሯታል፤ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ወጥታ መውረድ ካልቻለች ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። ሀያ ልጅ ፊደል ሲለይ ማየት ለእሷ እንጀራ ብቻ አይደለም፤ እስትንፋሷ ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው ፊዚዮቴራፒስት መልመጃ አሳይታት በየሳምንቱ እንድትመለስ ነግራት ነበር። ወንድም ተብዬው አልዋጥልህ አለው።

«እኔ እያለሁ ለአንዲት ባት ወረፋ ልትጠብቂ ነው? እትዬ፣ አታሳቂኝ!»

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሁለቱንም ባቷን በሜትር ይለካል። ሜትሩ ላይ በደህናው እግር ልክ አንድ ስፒል ይሰካል፣ በከሳው ልክ ሌላ። ስፒሎቹ የተገናኙ ዕለት ምርኩዙ ይጣላል፤ ውሳኔው ይህ ነው። ስፒሎቹም ቀስ በቀስ ተቀራረቡ።

«ደረጃ ስወርድ ግን እግሬ አሁንም ይከዳኛል» አለችው።

«እግርሽ ምን ያውቃል? የሚያውቀው ሜትሩ ነው!»

ይህን ያለው ሰው ነው እንግዲህ ሌላውን አላዋቂ እያለ የሚሳደበው።

ስፒሎቹ በተገናኙ ማግስት ትምህርት ቤት ወሰዳት። ምርኩዙን ከሱቁ በር ኋላ ደብቆታል። መውጣቱን የደረጃውን ብረት ይዛ እንደ ምንም ወጣችው። ስትወርድ እሱ ፊት ፊቷ የኋሊት እየወረደ፣ «አየሽ፣ አሁን ባትሽ ነው ቀስ አድርጎ የሚያወርድሽ፣ የጭንሽ ፊት ያሉት አራቱ ደግሞ...» እንዳለ ግራ እግሯ ተልፈሰፈሰ። እህት ወንድሟ ላይ፣ ወንድም ደረጃው ላይ። እሷ ምንም አልሆነችም፤ እሱ ግን ከጭኑ በስተኋላ አንድ ነገር ጧ ሲል ሰማ። የጡንቻውን ስም ያውቀዋል፤ መነሳት ግን አልቻለም። ቀና ሲል ርዕሰ መምህሩ ከፎቁ ላይ ቁልቁል እያያቸው ነው።

ክሊኒክ ሁለቱም ተያይዘው እያነከሱ ገቡ። ፊዚዮቴራፒስቷ እህትየውን በግራ እግሯ ብቻ አቁማ፣ «ተረከዝሽን አንሺ» አለቻት። ተረከዙ ከወለሉ ፍንክች አላለም።

«ውፍረቱ እኩል ነው! ለክቼዋለሁ!» ብሎ ጮኸ ዶክተር ሱሪ።

«እስቲ ይለኩት።»

ሜትሩ ከአንገቱ አይለይም። ደህናውን ለካ፣ ሸምቀቅ አድርጎ። የከሳውን ለካ።

«ጣቶችዎ እዚያ ምን ይሠራሉ?» አለችው።

ጎንበስ ብሎ አየ። ሁለት ጣቶቹ ከሜትሩ ሥር ተሸጉጠዋል። ለሱሪ ሲለካ እንደሚያደርገው፤ ሁለት ጣት ለመተንፈሻ። መቼ እንደገቡ አያውቅም። መጀመሪያ ላይ አልነበሩም፤ መክፈቻው ሲቃረብ፣ የእትዬ ፊት ሲጠቁር፣ ጣቶቹ ሳይጠይቁት አዝነው ገብተዋል። ሲያወጣቸው ሜትሩ ረገበ።

በመክፈቻው ቀን ክፍሉ ለሌላ አስተማሪ ተሰጠ። እስከ ሁለተኛው መንፈቅ ድረስ ነው ቢባልም ያው ተሰጠ። እህቱ ለሳምንት ሱቁን አልረገጠችም። አንድ ጠዋት ግን ሜትሩን ከአንገቱ መንጭቃ በጭንቅላቱ ዙሪያ ጠመጠመችው።

«ለዚህ ሁለት ጣት አይበቃም፣» አለች፤ «ይኼ ውስጡ በሙሉ መተንፈሻ ነው።»

ሳቀ። ሌላ ምን ያደርጋል? እሷ አንድም ቀጠሮ ሳታሳልፍ ክሊኒክ መመላለሷን ቀጠለች፤ እሱም ከኋላዋ እያነከሰ ይከተላል፣ አፉን ዘግቶ። በሱቁ ደግሞ የስፌት መኪናውን ጠርዝ ይዛ ተረከዟን ለማንሳት ትታገላለች፤ እሱ አጠገቧ ሱሪ ይሰፋል፣ በተጎዳው እግሩ ፔዳሉን እየረገጠ። ስፌቱ ይወላገዳል። ደንበኛ ወደ ወረቀቱ ጠቁሞ «ይኼኛው ጡንቻ ምንድን ነው?» ካለው፣ «ሱሪህ ሐሙስ ይደርሳል» ይላል።

አንድ ቀን ከተረከዟ ሥር ቁራጭ ገበር አኖረ። በግራ እግሯ ብቻ ቆማ ወደ ላይ ስትንጠራራ ጫፉን ሳብ ቢያደርገው ጨርቁ ሹልክ ብሎ ወጣ። አልጮኸም፤ ወረቀቱንም ቀና ብሎ አላየም።

«እትዬ፣ ወጣ።»

ላብ በላብ ሆና፣ ተረከዟን ሳታወርድ፣ ቁልቁል አየችው።

«መጀመሪያ ጣቶችህን አሳየኝ።»