የፕላስቲክ ዓሣ ስናቃና አዞ የጠራንበት ቀን

እስቲ ያን ላስቲክ ወዲህ በሉት። በስልክ አዝዛችሁ ከአዲስ አበባ ያስመጣችኋቸው የፕላስቲክ ማጥመጃ ዓሦች እነዚህ ናቸው? ሸጋ ናቸው። ርካሽ በመሆናቸው አትፈሩ፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በርካሽ ነው ያጠመድኩት። ግን አንዳችሁም ወደ ዓባይ ይዛችኋቸው ሳትወርዱ የአህመድን ነገር ልንገራችሁ። በየሻይ ቤቱ ስታወሩት እሰማለሁ፤ ግማሹ ቅጥፈት ነው።

ወሩ የካቲት ነበር። በክረምት ጭቃ ተሸክሞ የሚያጓራው ዓባይ በየካቲት ይጎድላል፣ ይጠራል፣ በየአለቱ መሀል አረንጓዴ ኩሬ ሠርቶ ይተኛል። በፕላስቲክ ዓሣ ማጥመድ የሚያዋጣው ያኔ ነው። ሁለት ነበርን፤ እኔና የባለቤቴ ወንድም አህመድ። አህመድ ከሳውዲ ተጠርዞ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ እንደገና በባሕር ሊሻገር ከደላላ ጋር መሹለክለክ ጀምሯል። አማቴ ያላቸው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ግቡ ብላቸው እንቢ ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሥራ ያስለምዱልኝ፤ ከባሕሩ ያስቀሩልኝ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ከዓሣ በቀር የማስተምረው ሙያ የለኝም። እሱንም ጅዳ የባሕር ዳር ቤት ስጠብቅ፣ ማጥመድ ከሚወድ አለቃዬ ነው የቀሰምኩት። ስመለስ ሰው ወርቅ ይዞ ሲገባ እኔ አንድ ፌስታል ሙሉ የፕላስቲክ ዓሣ ይዤ ገባሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ በዚህ ትተርበኛለች።

ስትመርጡ ቀለሟን አትዩ፤ ቀለም የሚያጠምደው ገዢውን ነው። ከአገጯ ሥር የወጣችውን ግልጽ ምላስ ተመልከቱ። ውኃውን እየገፋች ዓሣዋን ወደ ታች የምታጠልቃትና የምታወዛውዛት እሷ ናት፤ ከተጣመመች ጣሏት። ሆዷ ላይ የተጋጠመችበትን መስመር በጥፍራችሁ ዳስሱ፤ ክፍተት ካለው ውኃ ገብቶባት ትሰምጣለች። ነቅንቋት፤ ውስጧ ያለችው ትንሽ ኳስ መንኳኳት አለባት። መንጠቆዋና መንጠቆውን የያዘው ቀለበት ግን ለስላሳ ሽቦ ናቸው፤ ትልቅ ዓሣ ይዘረጋቸዋል። እኔ በጠንካራ እቀይራቸዋለሁ፣ ያውም መጀመሪያ መዋኘት ከተማረች በኋላ ነው። አካሄዷ ላልተስተካከለ ዓሣ ደህና መንጠቆ አላባክንም።

መዋኘት መማር ያልኩት ይኼን ነው። ርካሽ ዓሣ ከካርቶኗ ወጥታ ቀጥ ብላ አትዋኝም። ስትጎትቷት ወደ ግራ ከሸሸች፣ አፍንጫዋ ላይ ክሩ የሚታሰርባትን የሽቦ ዓይን በፒንሳ ወደ ቀኝ ታዘነብሏታላችሁ፤ የፀጉር ያህል ብቻ። ከዚያ እንደገና ውኃ ውስጥ፣ እንደገና መጎተት፣ እንደገና ፒንሳ። ይኼ ሁሉ የሚሆነው እግራችሁ ሥር፣ ዓይን በሚያየው ውኃ፣ ተንበርክካችሁና አንገታችሁን ደፍታችሁ ነው። ይቺን ያዙልኝ።

እስከ ወግዲ በአይሱዙ ሄደን ከዚያ በእግር ቁልቁለቱን ወረድን። ላይ በጋቢ ተጠቅልለን ተነስተን ታች ስንደርስ ሸሚዝም ከብዶናል። ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ የአዞ ዱካ አየሁ። ሆድ የጎተተው ሰፊ ፈር፣ ግራና ቀኙ የጥፍር ጭረት፣ መሀል ለመሀል የጅራት መስመር። ጠርዙን ነፋስ ስለበላው የዛሬ አይደለም አልኩ። ቢሆንም አላመንኩትም።

«እዚህ አንሠራም፤ ወደ ላይ እንለፍ» አልኩት።

ለማለፍ አንድ ጠባብ ቦታ አለ። ገደሉ እስከ ውኃው ወርዶ ለሰው የተወው በጎን የሚታለፍ ጠባብ ድንጋይ ብቻ ነው፤ እግር ቢንሸራተት ጥልቁ ውስጥ ነው። ከእሱ ወዲያ ጠፍጣፋ አለት ተዘርግቷል፤ እዚያ ላይ ውኃው ከጉልበት አይበልጥም። አዞ ጥልቅ ይወዳል ብዬ ልቤን አሳረፍኩ።

እኔ ዘንግና የክር መጠቅለያ አለኝ። አህመድ የተጎነጎነ ክር በሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ጠቅልሎ በእጁ ነው የሚሠራው። አንዷን አዲስ ዓሣ ሰጠሁትና ማቃናት ጀመረ። ክሩን ሁለት ጣቶቹ ላይ ጠምጥሟል፤ እዚህ አገር በእጅ የሚያጠምድ ሁሉ እንዲሁ ነው፣ ቀረሶን ለመሰለ ትንሽ ዓሣ ማን ለጣቱ ይሳሳል? ተንበርክኮ ይጥላታል፣ ይጎትታታል፣ በፒንሳ ይነካካታል፤ መልሶ ይጥላታል። ሁልጊዜ እዚያችው ድንጋይ ሥር። ልጁ እጁ ረቂቅ ነበር፤ ደስ ብሎኝ «ይኼስ ሰው ይሆናል» እያልኩ አየዋለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ትንንሾቹ ዓሦች ከአለቱ ላይ መጥፋታቸውን ነው። ቀጥሎ ከመሀል ወንዝ አንዲት ቀጭን ሽብሽብ ተነሳች። ነፋስ የለም። ውኃው ወደ ታች ይወርዳል፣ እሷ ግን ወደ ላይ፣ ወደ እኛ ትመጣለች። ከፊቷ ሁለት እብጠት፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ ሁለት። አፍንጫና ዓይን። ከዚያ ሁሉም ጠፋ። ወላሂ፣ ሲታይ ከፈራሁት ይልቅ ሲጠፋ ፈራሁ።

ያኔ ነው የገባኝ። እኛ የታመመ ዓሣ አስመስለን ስናወዛውዛት፣ ኳሷ ስትንኳኳ፣ ከአንድ ቦታ ወጥታ አንድ ቦታ ስትመለስ፣ አዞው ደግሞ ታች ሆኖ ሲማር ቆይቷል። የት እንደምትደርስ ከእኛ እኩል ያውቃል።

ብጮህ ደንግጦ ወደ ውኃው ይዘላል ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «አህመድ፣ ክሩን ልቀቅና ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ና።»

«አንዴ አያ ሰይድ፣ ቀጥ አለች እኮ! ይዩዋት!»

ውኃው ፈነዳ። አፉ ከአህመድ ክንድ አንድ ስንዝር ርቆ ተዘጋ፤ ዓሣዋን ይዞ ዞረ። ክሩ ተወጠረና አህመድ በሆዱ ተኝቶ በሚያሙለጨልጨው አለት ላይ ተንሸራተተ። ዘልዬ ቀበቶውን ያዝኩ፤ እግሬን ስንጥቅ ውስጥ ወተፍኩ። ፒንሳው ውኃ ገብቷል፣ ቢላዬ ከኋላዬ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ አልደርስበትም። ልጁ «ይቁረጡት! ይቁረጡት!» ይላል። ክሩን ይሁን ጣቱን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። ውኃው ደረቱ ጋ ሲደርስ እጄ መዛል ጀመረ፤ በዓይኔ የመጣብኝ አማቴ ደጄ ላይ የቆሙት ነው።

ያ ያልቀየርነው ለስላሳ ቀለበት ተዘረጋና መንጠቆው ተፈታ። ሁለታችንም ወደ ኋላ ወደቅን። ራሳችንን ጎትተን ገደሉ ሥር ስንደርስ አዞው ግማሽ አካሉን አለቱ ላይ አውጥቶ ነበር። እኛን አየ። ከዚያ ሳይቸኩል ወደ ውኃው ተመለሰ።

አላለቀም። መውጫው ያ ጠባብ ድንጋይ ብቻ ነው፣ እሱም ከጥልቁ አናት ላይ። የአህመድን እጅ በሽርጤ ጠቀለልኩት፤ ክሩ ሁለቱን ጣቶች እስከ አጥንት በልቷቸው ደሙ አልቆም አለ። ቆመን መጠበቅ አንችልም። ዘንጌ ላይ የታሰረችው የራሴ ዓሣ ነበረች፤ አሮጌ፣ በደንብ የተቃናች። ከጠባቡ ድንጋይ በተቃራኒ፣ ወደ አለቱ ላይኛ ጫፍ ሄጄ ወረወርኳትና መጎተት ጀመርኩ። አዞን በገዛ እጄ መጥራቴ ነው። ሽብሽቧ ወደ እኔ መምጣት ስትጀምር አህመድን «እለፍ!» አልኩት።

«እርስዎስ?»

«እለፍ አልኩህ!»

አለፈ። አሁን እኔ ቀረሁ፣ ለእኔ ደግሞ የሚጠራልኝ የለም። ዘንጉን ስንጥቅ ውስጥ ሰክቼ፣ ክሩን ለቅቄ፣ ዓሣዋን ውኃው በሚፈስበት መሀል ተውኳት። በደንብ የተቃናች ዓሣ ማንም ሳይጎትታት ወራጁ ላይ ቆማ ትዋኛለች፤ ጠማማ ብትሆን ተገልብጣ ዳር ትወጣ ነበር። እሷ እዚያ ስትወዛወዝ እኔ ጎኔን ገደሉ ላይ ለጥፌ አለፍኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ዘንጉ ከድንጋዩ ሲነቀል ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም።

እና ልጆች፣ አሁን ያወቅሁትን ስሙኝ። ዓሣችሁን እቤት በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ወይም በከብት ማጠጫ ገንዳ አቃኑ፤ ወንዝ ዳር ማንም አይንበርከክ። ግድ ከሆነ አንዱ ሲሠራ ሌላው ዓሣዋን ሳይሆን ወንዙን ይመልከት። አንድ ድንጋይ ሥር ሁለቴ አትጎትቱ። ክር ጣት ላይ አይጠመጠምም። እኔ እስከ ዛሬ ወንዝ ዳር ዉዱእ አላደርግም፤ በማንቆርቆሪያ ቀድቼ ርቄ ነው የምታጠብ። ሳቁ፣ ግድ የለም።

አህመድ ዳነ፤ ሁለቱ የቀኝ እጁ ጣቶች ግን አልታጠፍ አሉ። ከወራት በኋላ ያ ደላላ መጥቶ እጁን አገላብጦ አየና «በዚህ እጅ ማን ያሠራሃል?» ብሎት ሄደ። አማቴ ያን ዕለት «አልሐምዱሊላህ» ብለው አለቀሱ፣ ሰደቃ አወጡ። እኔንም ጠሩኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ልጇን ያስቀረላት እያለ ይመርቀኛል። አህመድ ከአጠገቤ ተቀምጧል። ጉርሻው ከጣቶቹ መሀል ይወድቅበታል፤ እናቱ እየሳቁ እንደ ሕፃን ያጎርሱታል።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «አያ ሰይድ፣ ቀረሁላቸው አይደል?» አለኝ።

«ቀረህ» አልኩት። ቀና ብዬ ግን አላየሁትም።