ከፊርማችን በላይ የተጻፈው

ነገሩ ከሆነ ሦስተኛ ክረምቱን ይዟል። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ያን ቀን ግን ልርሳው ብልም አልሆነልኝም፤ ጥፋቱ የእኔም ነበረበትና።

ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ራቅ ባለ ገጠር በርበሬና በቆሎ አመርታለሁ። የወረዳችንን ስም ልተወው። ልጆቼ በሚማሩበት ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ሰብሳቢያችን የደብራችን አገልጋይ ቄስ ምናለ ናቸው። ከአባላቱ አንዷ እትዬ የሺ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም፣ ለትምህርት ቤቱ ግን እንደሳቸው የሚቆረቆር የለም።

በግንቦት የወረዳው ባለሙያ መጥቶ ለመጪው ዓመት በጀት ምን እንደሚያስፈልገን ጠየቀን። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች ዳስ ውስጥ ስለሚማሩ ሁለት መማሪያ ክፍል ይሠራልን አልን። እሱም በማስታወሻው ጻፈ። ሲጨርስ አንድ ነጭ ወረቀት ሰጠኝና "የተገኛችሁትን አስፈርም፤ ከላይ ለርዕሱ ቦታ ተው" አለኝ።

ግማሽ ገጽ ትቼ የሰባታችንን ስም ጻፍሁ። እትዬ የሺ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ሊያትሙ ሲሉ "ከላይ ምን ይጻፍበታል?" አሉኝ።

"የመገኘታችን ነው፤ አያስቡ" አልኋቸው።

አተሙ።

በሰኔ የወረዳው እቅድ ሲቀርብ ኮሚቴዎችም እንዲገኙ ተጠራን። ከዚያ በፊት ማንም ጠርቶን አያውቅም። ቄስ ምናለ፣ እትዬ የሺና እኔ ማልደን ተነሣን። እትዬ የሺ መንገዱን ሁሉ የአዲሱን ክፍል ነገር ሲያነሡና ሲጥሉ ደረስን።

አዳራሹ ሞልቷል። የወረዳው ትምህርት ኃላፊ የየትምህርት ቤቱን እቅድ እያነበበ የእኛ ላይ ደረሰ። "የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከወንዙ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት እንዲዛወሩ ወላጆች በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል" ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ።

ጆሮዬን አላመንሁትም። ያ ወንዝ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰው አያሻግርም። የእትዬ የሺን የበኩር ልጅ ከገበያ ስትመለስ የወሰዳት እሱ ነው።

ተነሥቼ "እኛ እንዲህ አላልንም" አልሁ።

ኃላፊው አልተቆጣም። ወረቀቱን አንሥቶ "ይህ የእናንተ ፊርማ አይደለም?" ብሎ አቀበለኝ።

ስሞቹ በእኔው እጅ የተጻፉ ናቸው። እኔ በተውሁት ክፍት ቦታ ላይ ግን በሌላ ሰው እጅ ውሳኔ ተጽፎበታል። ለቄስ ምናለ አሳየኋቸው።

እትዬ የሺ ጋቢዬን ሳብ አደረጉት።

"ምን ይላል? አንብብልኝ።"

አነበብሁላቸው።

"የኔ ጣት አለበት?"

"አለበት።"

ቀስ ብለው ተነሡ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። "ልጄን የበላውን ወንዝ የሰው ልጅ ይሻገረው ብዬ እኔ ፈረምሁ?" አሉ።

ኃላፊው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወደ ባለሙያው ዞረ። ባለሙያው አንገቱን ደፍቶ "ለግንባታው በጀቱ እንደማይበቃ አውቅ ነበር፤ ኋላ ይስማማሉ ብዬ ነው" አለ።

ያኔ ቄስ ምናለ "ፊርማው የእኛ ነው፤ ቃሉ ግን የእኛ አይደለም" አሉ። ከኋላ አንድ የማናውቃቸው ሽማግሌ ተነሡና "የእኛም ከፊርማው በላይ ያለው ይነበብልን" ብለው ጠየቁ። ሌላውም ተከተለ። ቀኑን ሙሉ ሲነበብ ዋለ። የሁለት ትምህርት ቤት ወላጆችም ያላሉት ተጽፎባቸው ተገኘ።

ዝውውሩ ቀረ። በዚያ ዓመት አንድ መማሪያ ክፍል ተሠራልን፤ ድንጋዩንና እንጨቱን እኛ አቀረብን። ስምንተኛ ክፍል ዛሬም ዳስ ውስጥ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት ግን ቃለ ጉባኤው ተጽፎ፣ ጮክ ተብሎ ሳይነበብ የሚፈርም የለም።

ባለሙያውን ብዙ ሰው ይረግመዋል። እኔ እሱን ለመርገም አፌ አይደፍርም። ያን ቀን ከአዳራሹ ስንወጣ እትዬ የሺን ይቅር በሉኝ ብያቸው ነበር። ይቅርም ብለውኛል። ያሉኝ ነገር ግን አብሮኝ ይኖራል።

"እኔ ወረቀቱን መች አየሁት ልጄ" አሉኝ፤ "ያየሁት አንተን ነው።"