ከስኮትላንድ የመጣ ሰባት ቤት

ፍርሃቱ የገባብኝ ልጄ ልታገባ ነው ብዬ በተደሰትኩበት ሳምንት ነው። እጮኛዋ እዚሁ ካሊፎርኒያ ካለችው ዳብሊን መጥቶ ሳንሆዜ ቤታችን ምሳ እየበላ፣ የአያቱ ወገኖች ከስኮትላንድ ደሴት እንደመጡ አወራ። የደሴቱን ስም ሲጠራ ላጎርሰው ያነሳሁት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ። የሞተው ባሌ፣ የልጄ አባት፣ ፈረንጅ ነበር፤ የዘሮቼ አገር እያለ የሚያነሳው ያንኑ ደሴት ነው።

እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይጋቡም። ልጄን ማጀት ጠርቼ "ዘመድ ብትሆኑስ?" አልኳት።

"ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ትንሽ አይላንድ እኮ ነው።"

"ትንሽ ስለሆነማ ነው የፈራሁት።"

እየሳቀች ወጥታ ለእጮኛዋ ነገረችው፤ እሱ ግን አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ የድሮ መዝገብ የሚታይበትን ዌብሳይት ከፈተ። ስም ይወጣል፤ የመዝገቡን ፎቶ ሲነካው ግን የጓጉንቸር ስዕል ይመጣል። ሳይን ኢን አደረገ፣ ያው ጓጉንቸር።

አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ፊደላቸውን ግን እለያለሁ። የባሌ ቅድመ አያትና የልጄ እጮኛ ቅድመ አያት ስማቸው መጨረሻ ላይ አንድ ነው። እኛ አገር ከስም ቀጥሎ ያለው አባት ነውና፣ "የአንድ ሰው ልጆች ናቸው" ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"የቤተሰብ ስም ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። "የደሴቱ ግማሽ ሰው በሱ ነው የሚጠራው።"

"ታዲያ አባትየው በምን ይታወቃል?"

"ፎቶው ላይ ተጽፏል።" ያ የተቆለፈው።

ከቤት የማይከፈተው ኦክላንድ ካለ አንድ ላይብረሪ ይከፈታል ተባለና ቅዳሜ ሦስታችንም ሄድን። የሚረዱን አሮጊት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንድ በአንድ ከፈቱልን። ጽሑፉ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። አንዱ ዓሣ አጥማጅ፣ አንዱ ጫማ ሰፊ። አንዷ ሚስት መጻፍ ስለማትችል በፊርማ ፋንታ መስቀል አድርጋለች። እሷን ደጋግሜ አየኋት። ፍርሃቴን ረስቼ "ቀጥሎስ?" እያልኩ አሮጊቷን አስቸገርኳቸው።

ስድስት ቤት ቆጠርን፤ በየትም አልተገናኙም። ሰባተኛው ላይ እዚያም ጓጉንቸሩ መጣ።

"ይኼ እዚያው ስኮትላንድ ሄደው ካልሆነ አይታይም" አሉ አሮጊቷ።

ልጄ ዓይን ዓይኔን ታያለች። እጇ የእጮኛዋን እጅ ይዟል።

"ከማን ጀምራችሁ ነው የቆጠራችሁት?" አልኩ።

"ከወላጆቻችን።"

አባቴ ሲቆጥር ከልጅቱ ከራሷ ነበር የሚጀምረው። ጣቶቼን ዘርግቼ ከልጄ ጀምሬ ወደ ላይ ወጣሁ፤ ከዚያ ከእሱ ጀምሬ። ሁለቱም ሰባት ሞሉ።

"ሶ፣ ኦኬ ነን?"

"ናችሁ።"

ስንመለስ መኪና ውስጥ ዌብሳይቱን ስልኬ ላይ አስከፈትኩት። ፍርሃቱ ለቆኛል። ያቺ መስቀል ያደረገችው ሴት የማን ልጅ እንደሆነች ግን አላወቅሁም፤ ጓጉንቸሩን አሁንም ነካ እያደረግሁ አየዋለሁ።