ጠያቂዋ ራሷ አልተከተበችም

ዛሬ እንጅባራ፣ ከገዛ ቤቴ በረንዳ ላይ፣ ክፉኛ ደነገጥሁ።

የልጄ ልጅ ሰላም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጥናቷ፣ ተማሪዎች የኮሮናን ክትባት ለመውሰድ ፈቃደኛ መሆናቸውን ትጠይቃለች። ዛሬ ግቢዬ ውስጥ የተከራዩትን ተማሪዎች ስትጠይቅ እሰማ ነበር። አንዱ «ቅድሚያ ለመምህራን!» ብሎ አሳቃቸው። (እያሳለው ነው የሚቀልደው።)

ልጆቹ ወደ ክፍላቸው ሲገቡ ሰላምን «አንቺስ ተከተብሽ?» አልኋት።

«እኔማ ጠያቂ ነኝ፣ እማማ!»

«በሽታው ጠያቂ ይምራል?»

ቀስ ብላ «መካን ያደርጋል ይላሉ» አለችኝ።

«እኔስ ተከትቤ አይደል እናትሽን የወለድሁ?»

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ዳንግላ ስማር፣ የፈንጣጣ ከታቢዎች ክፍላችን ገቡ። መርፌውንም መምህራችንንም ፈራሁ። መምህራችንን የበለጠ ስለፈራሁ ክንዴን ሰጠሁ።

አጠገቤ የምትቀመጠው የሺ ግን ደፋር ነበረች። በመስኮት ዘልላ አመለጠች፤ እኛም አጨበጨብንላት።

በዚያው ዓመት ፈንጣጣ ያዛት። ነፍሷ ተረፈች፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ግን ጠፉ። እኔን ያዳነኝ ፍርሃቴ ብቻ ነው።

ይህንኑ ለሰላም ነገርኋት። «እሱ ድሮ ነው፣ እማማ፤ አይስጉ» ብላኝ፣ ከዚያው ከሚያስለው ልጅ ጋር እየተሳሳቀች ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች። እኔ ግን ይህን ልጽፍላችሁ ተቀመጥሁ።

እንደ እሷ ደፋር ልጅ ያላችሁ፣ ምን ብላችሁ አስከተባችሁት? እባካችሁ ዛሬውኑ ጻፉልኝ። የእኔን ቃል ንቃ ሄዳለች፤ የእናንተን ላንብብላት።