እንፋሎቱ ያልነካት ልጅ

በ1977 ዓ.ም. መካነ ሰላም አካባቢ ዝናብ ሲቀር ገብሱም ስንዴውም ደረቀ። ጓያ ግን አልደረቀም። ጓያ የሚገርም እህል ነው፤ በተሰነጠቀ መሬት ላይ እንኳ ያፈራል። ነገር ግን ለወራት ጓያ ብቻ በተበላበት ቤት ብዙ ጊዜ አንድ ሰው እግሩ ሰልሎ በምርኩዝ ይቀራል። ምክንያቱን የጠየቀ ሰው የሚሰማው መልስ አንድ ነበር፦ እንፋሎቱ ነው። ንፍሮው ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ጉልበት ውስጥ ይገባል ይባላል።

ድንቅነሽም ይህንኑ ታምን ነበር። ድስቱን ስትጥድ ልጇን ሐረግን ከቤት ታስወጣለች። ንፍሮውን ሰፌድ ላይ አብርዳ ደጅ ድረስ ትወስድላታለች። ሁለት ዓመት አልፎት ጡት ያልጣለው ትንሹ ልጇ ምናለ ግን ከጀርባዋ ስለማይወርድ ከእሷው ጋር በእንፋሎቱ ውስጥ ይውላል። ለእሱ ሁልጊዜ እንደሰጋች ነው።

ሐረግ አራተኛ ክፍል ናት። በከተማው ንባብ ቤት እሁድ እሁድ ቤተሰብ ይሰበሰባል፤ የተማረው ልጅ ላልተማሩት ወላጆቹ ያነባል። ለሴቶች ቀን ስለ ሳይንስ ሊቅ ሴቶች እንዲነበብ ተወሰነ። የንባብ ቤቱ ኃላፊ ብርሀንነሽ፣ ከደሴ የመጣች ወጣት፣ ሐረግን መረጠቻት። ድንቅነሽ ደስታዋን የምትገልጽበት ሌላ ነገር ስላልነበራት ከራሷ የጓያ ድርሻ እየቀነሰች ለሐረግ ትጨምርላት ጀመር። «ድምፅሽ እንዳይደክም ብዪ» ትላታለች።

በዕለቱ ወደ ንባብ ቤቱ ሲሄዱ ሐረግ መንገድ ላይ ወደቀች። ተነስታ እንደገና ወደቀች።

«ምን ሆንሽ?»

«ጉልበቴ እንቢ አለኝ፣ እማ።»

ድንቅነሽ ምናለን አወረደችና ልጅቱን አዘለቻት። ምናለ ከኋላ እየሮጠ ተከተላቸው።

ንባብ ቤቱ ሞልቷል። ጎረቤታቸው ውበቱ ከበሩ ሥር ሆኖ፣ «እኔ የምበላው አጥቼ እነሱ የፈረንጅ ሴት ይተርኩልኛል!» አለ።

«አብሽር ጋሼ ውበቱ» አለችው ከሴቶቹ አንዷ፣ «ወሬ ቢበዛ ሆድ አይነፋም!»

ሳቁ ሲበርድ ሐረግ ተቀምጣ አነበበች። በአንድ ሩቅ አገር አንድ መንደር በበሽታ ተመታ፤ ሁሉም ያመጣው ነፋሱ ነው አለ። አንዲት ሴት ሐኪም ግን ቤት ለቤት እየዞረች ሁለት ነገር ጠየቀች፦ ነፋሱ ያገኘው ማን ነው? የታመመውስ ማን ነው? ነፋስ የማያገኛቸው ታመው ተገኙ። እረኞቹ ቀኑን ሙሉ ነፋስ ላይ እየዋሉ ደህና ነበሩ። በሽታው የነበረው እረኞቹ በማይጠጡት በጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ነው።

«አያችሁ!» አለች ብርሀንነሽ፣ ከደስታዋ ብዛት መቀመጥ አቅቷት። «ሳይንስ ማለት ይኸው ነው። የጠረጠራችሁት ነገር ያገኘውንና ያላገኘውን ሰው ጎን ለጎን አስቀምጡ።»

ድንቅነሽ አንገቷን ደፍታ አሰበች። እንፋሎቱ ከሁሉ በላይ ያገኘው ማንን ነው? እሷን። ቀጥሎ ምናለን። እሷ ትልቋን ልጅ አዝላ የመጣች ናት፤ ምናለም ይሮጣል። ሐረግን እንፋሎቱ አንድም ቀን አልነካትም። ታዲያ ሐረግ ከሁለቱ በምን ትለያለች?

በበላችው ጓያ ብዛት።

«መምህርት» አለች ድንቅነሽ፣ «ነፋስ ያልነካው ከታመመ፣ ነፋሱ አይደለም ማለት ነው?»

«አዎ፣ ነፋሱ አይደለም፣ እትዬ።»

ድንቅነሽ ሐረግን አዝላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ማታ ባሏ ንጉሡ ሲገባ ለበልግ ዘር ያስቀመጡትን ገብስ ለምግብ ከጎታው እያወጣች አገኛት።

«አበድሽ እንዴ? ዘር እኮ ነው!»

«በሽታው እንፋሎቱ አይደለም። የጓያው ፍሬ ነው።»

«አገሩ ሁሉ ጓያ ይበላል። አንቺ በአንድ ቀን ንባብ ሐኪም ሆንሽ?»

«ሐኪም አልሆንኩም። ለማን ስንት እንደሰጠሁ ግን አውቃለሁ።»

«በልግ ቢዘንብ ምን ልዘራ ነው?»

«ምናለም እንደ እህቱ ሲወድቅ እያየህ ልትዘራ ነው?»

ንጉሡ ሐረግን አያት። ግድግዳውን ይዛ ለመቆም እየታገለች ነበር፤ ተረከዟ መሬት አልነካ ብሏል። ጎታውን ለእሷ ትቶ ወጣ።

ድንቅነሽ ትክክል ነበረች። መርዙ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው፤ ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግቡ ያደረገውን ሰው ይሰብራል። የተሰበረው ግን አይጠገንም። ያን ዘር እየበሉ ሰነበቱ፤ ምናለ ሳይታመም ተረፈ፣ ሐረግ ሁለት ምርኩዝ ያዘች። ዝናቡ ሲመጣ ማሳቸው ጦሙን አደረ፤ ንጉሡም የሰው በሬ ጠምዶ በቅጥር ሊያርስ ወደ አጅባር ሄደ።

የመንደሩ ሴቶች እየመጡ ሐረግ ምን እንደሆነች ድንቅነሽን ይጠይቋት ነበር። አልደበቀችም። «ከድርሻዬ እየቀነስኩ ያበላኋት እኔው ነኝ» ትላቸዋለች። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ይሰሟታል፤ ያምኗታልም። ከዚያ ወደየቤታቸው ተመልሰው ጓያውን ይጥዳሉ። ሌላ እህል አልነበራቸውም።